ውኃው እስኪበስል

ብሩክታዊት ወርቁ ያን የዓሣ ገንዳ ስትጀምር ፍቅር ልጀምር ብላ አልነበረም። እስቲ ፍረዱ፤ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዳ ባዮሎጂ ተምራ የተመለሰች ልጅ፣ ሥራ ጠፍቶ በአባቷ የእንግዳ ማረፊያ ቁልፍ ስትሰጥና ቁልፍ ስትቀበል መዋል ዕጣዋ ሆኖ ሲቀር፣ አንድ የራሴ የምለው ነገር ይኑረኝ ብትል ይፈረድባታል? አይፈረድባትም። የሚፈረድባት ሌላ ነው፤ እሱን ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

አባቷ አቶ ወርቁ የጋይንትን ድንችና ገብስ ነግደው ነው ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ያን ባለ ፎቅ ማረፊያ ያቆሙት። ልጅቱ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ስትማር ከርማ አንድ ቀን "አባዬ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ዓሣ ብናስገባ ምን ይመስልዎታል?" ስትላቸው ሳቁባት።

"ዓሣ ይበላል እንጂ ይታያል እንዴ?"

"ዓሣው ብቻ አይደለም እኮ፣ ተክልም አለው። ከታች አፈር ይነጠፋል፣ በላዩ አሸዋ ይለብሳል፣ ከዚያ የውኃ ሣር ይተከልበታል፣ ከላይ መብራት ይበራለታል። ቁጭ ብለው ወንዝ ማየት ማለት ነው። ባሕር ዳር ሆቴሎቹ ሁሉ አላቸው።"

ባሕር ዳር ስትላቸው ጊዜ ለዘብ አሉ። አቶ ወርቁ ከባሕር ዳር ሆቴል ማነስ አይወዱም። "በይ እንግዲህ መስኮት የሚገጥመውን ልጅ አነጋግሪው" አሉ። በገዛ አፋቸው! ኋላ በዚህ ቃላቸው ስንት ጊዜ እንደተጸጸቱ እሳቸውና ፈጣሪያቸው ናቸው የሚያውቁት።

መስኮት የሚገጥመው ልጅ እሱባለው ይባላል። አገኘሁ ከሚባል ሰው የአሉሚኒየምና የመስታወት ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ፣ ቃሉን መጥኖ የሚያወጣ ወጣት ነው። ብሩክታዊት የፈለገችውን በስልኳ አሳየችው። ወፍራም መስታወት ቆረጠ፣ ጠርዙን ሞረደ፣ በሲሊኮን አጣበቀ። ግቢ ውስጥ ውኃ ሞልተው ሲሞክሩት ግን በአንዱ ጥግ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

"አለቀሰ!" አለች ብሩክታዊት።

"ማን?" ብሎ ደንግጦ ቀና አለ።

"ገንዳህ ነዋ! በምን አስከፍተኸው ነው?"

እሱባለው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሳቃቸው አልቆ ዓይናቸው ግን እዚያው እንደተገናኘ ቀረ። እሱ ነው ቀድሞ ያቀረቀረው። እሷ ያን ቀን ማታ ራት ላይ እናቷ ሁለት ጊዜ ጠርተዋት አልሰማችም።

ገንዳው ዳግመኛ ተጣብቆ ውኃ መያዙ ሲረጋገጥ የአፈር ነገር መጣ። ብሩክታዊት ማዳበሪያ ያልነካው፣ ቀይ፣ የሸክላ አፈር ፈለገች። "ብረት አለው፤ የሣሩ ሥር ይወደዋል" አለችው። እሱባለው ይህን ስትል መሬት መሬት ያይ ጀመር። "ምነው?" አለችው፤ "ምንም" አላት። በሳምንቱ ከትውልድ አገሩ ከስማዳ አንድ ከረጢት አፈር አስመጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠና ፈታው።

"ከመንካትሽ በፊት የማን እንደሆነ ልንገርሽ" አለ። "እናቴ አፈር ከምትቆፍርበት ጉድጓድ የወጣ ነው። እናቴ ውዴ ትባላለች። እዚያው ስማዳ፣ ወገዳ ገበያ ጀበናና ማሰሮ የምትሸጠው እሷ ናት፤ ሠሪዋም እሷ ናት። እዚህ ከተማ ይህን የሚያውቅ የለም። አሁን አንቺ አወቅሽ።"

እንግዲህ በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ምን እንደሚባል የማያውቅ ካለ ልንገረው። ቡዳ ይባላል። ዓይኑ ያረፈበት ሕፃን ይታመማል፣ ያየው እህል ይበላሻል፣ ያደነቀው ከብት ይወድቃል ይባላል። ምጣዱን ይገዙታል፣ ጀበናውን ይገዙታል፣ እሱን ግን ከደጃቸው አያሳልፉትም። ከእሱ ቤት ልጅ መስጠትማ ወሬም አይደለም። አይ ሰው! በሠራልህ ድስት ወጥህን እየበላህ ሠሪውን ሰው በላ ትለዋለህ።

ብሩክታዊት እጅጌዋን ሰብስባ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ አፈሩ ውስጥ ከተተች፤ ውኃ ጨመረችበት፤ ጨብጣ ጨብጣ አለሰለሰችው። "እንዴት ያለ ደስ የሚል አፈር ነው" ብቻ አለች። ልጁ ፊቱን አዙሮ መስኮቱን የሚመረምር መሰለ። ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አየች። ዩኒቨርሲቲ ሳለች መኝታ ክፍል ውስጥ "ቡዳ ብሎ ነገር የለም፣ ይሄ የድንቁርና ወሬ ነው" ብላ ከጓደኞቿ ጋር የተከራከረችው ሁሉ ትዝ አላት። ያን ቀን በራሷ ኮራች።

አፈሩን ነጠፉት፤ የታጠበ አሸዋ አለበሱት። ከጉና ተራራ ግርጌ ከሚወርድ ምንጭ ሣር ነቅለው አመጡ፤ ገሚሱን ተከሉት፣ ገሚሱን በክር ድንጋይ ላይ አሰሩት። ውኃውን በሰሐን ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱ፤ ያለዚያ አሸዋው ይገለበጣል። ማጣሪያው ከባሕር ዳር መጣ፣ መብራቱ ተሰቀለ። መጀመሪያ ውኃው ደፈረሰ፤ ከዚያ ጠራ፤ ከዚያ መስታወቱን አረንጓዴ ነገር ያለብሰው ጀመር። አቶ ወርቁ በመጡ በሄዱ ቁጥር "ታዲያ ዓሣው የታለ?" ይላሉ።

"ውኃው አልበሰለም አባዬ።"

"ውኃ ይበስላል እንዴ?"

"እንደ ጠላ ጥንስስ ይቁጠሩት። ጊዜውን ካልጠበቀ ይበላሻል። ዓሣው ሲጸዳዳ ያን መርዝ የሚበሉለት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ እነሱ እስኪበዙ መጠበቅ አለብን። ለጰራቅሊጦስ ይደርሳል።"

እሱባለው ይህን ሁሉ ከእሷ ነው የተማረው። ማታ ማታ ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ ዓሣ የሌለበትን ገንዳ እያዩ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሚታይ ነገር የለም እኮ! ሣሩ ሲወዛወዝ ማየት፣ በቃ። እነሱ ግን እንደ ፊልም ነው የሚያዩት። "ዓሦቹን አንድ ላይ ነው የምንጨምራቸው፤ እኔና አንቺ" ይላታል። "አንድ ላይ" ትለዋለች። ልጅቱ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

* * *

ዳግም ትንሣኤ እንዳለፈ እሱባለው ወገዳ ወረደ። አጎቱንና አንድ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጥቶ አቶ ወርቁን በወጉ ሊጠይቅ ነው። "በሳምንት ውስጥ እመለሳለሁ" አላት። "በስልክ እንገናኛለን።"

ሳምንቱ አለፈ። ስልኩ አይሠራም፤ የስማዳ ኔትወርክ ጠፍቷል። መኪናም ወደዚያ አይሄድም፤ መንገዱ ተዘግቷል። ይህ በዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ብሩክታዊትም ታውቃለች። ግን የሚጠብቅ ሰው የሚያውቀውንም አያውቅም። ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ በስልኩ ጩኸት እየደነገጠች፣ በመኪናው ድምፅ እየተነሳች ሰውነቷ አለቀ።

በዚህ መሃል መካነ ኢየሱስ ከተማ ከሚኖሩት ከአቶ ጥበቡ ዘንድ መልእክት መጣ። አቶ ጥበቡ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸው የራሱ የጭነት መኪና አለው። እሑድ ሽማግሌ ይዘው ሊመጡ ነው። እናቷ ወይዘሮ ካሣነሽ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አሳጠቡት።

"እማ፣ እኔ አላገባም" አለች ብሩክታዊት።

"ማንን ልትጠብቂ? ያን የመስታወት ልጅ?" አሉ ካሣነሽ፤ ለካ ሁሉን ሲያዩ ነው የከረሙት። "እሱማ አገሩ ገብቶ ሚስት ተድሮለታል አሉ። አርፈሽ ተቀመጪ።"

ከማን ሰሙ? ከማንም። የእናት ነገር፣ ልጄን አዳንኩ ብለው ያወጡት ቃል ነው። ብሩክታዊት ግን ክው አለች። ማጣራት አልቻለችም፤ በምን ታጣራ? ቃሉ ሆዷ ገብቶ እዚያው ቁጭ አለ።

ቅዳሜ ዕለት የአባቷ ሾፌር ከባሕር ዳር ሲመለስ በውኃ የተሞሉ ላስቲኮች ይዞ ገባ። ውስጣቸው ቀያይ ዓሦች ይተራመሳሉ። አቶ ወርቁ ናቸው ያዘዙት። "እንግዶቼ ባዶ ውኃ ሲያዩ አይውሉም! ይልቅ ጨምሪያቸው" አሉ።

ብሩክታዊት ላስቲኩን ይዛ ገንዳው ፊት ቆመች። ውኃው አልበሰለም። ታውቃለች። ከእሷ በላይ የሚያውቅ በከተማው የለም። "አባዬ፣ በባልዲ እናቆያቸው" ብትላቸው ያኮርፉ ይሆናል እንጂ አይገድሏትም። "አንድ ላይ ነው የምንጨምራቸው" ያለው ድምፁ ጆሮዋ ላይ አለ፤ ሚስት ተድሮለታል የሚለው የእናቷ ድምፅም አለ። እልህ ያዛት። ላስቲኩን አንድ በአንድ እየፈታች ገለበጠችው። ዓሦቹ በሣሩ መሃል ተበተኑ፤ ውኃው ቀላ፤ አስተናጋጆቹ አጨበጨቡ። እሷ ክፍሏን ቆልፋ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች።

* * *

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጥተው እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አቶ ጥበቡ ገንዳውን እያደነቁ ነው፤ አቶ ወርቁ ደረታቸው ተነፍቷል። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና አቧራ የጠጣ ሰው ገባ፤ እሱባለው ነበር።

ብቻውን ነው። ከንፈሩ ደርቋል፤ ግማሹን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። ብሩክታዊትን ሲያይ ፊቱ በራ። ወዲያው ዓይኑ ገንዳው ላይ አረፈ፤ እንግዳውንም ሽማግሌውንም ረስቶ ወደ መስታወቱ ሮጠ።

"ማን ጨመራቸው?" አለ። "ይሞታሉ! ይሞታሉ እኮ እነዚህ!"

አቶ ጥበቡ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። ለእህል ግዢ ወገዳን የማይረግጡበት ወር የለም።

"አንተ ልጅ፣ የውዴ ልጅ አይደለህም? የሸክላ ሠሪዋ?"

እሱባለው ቀጥ ብሎ ቆመ። "ነኝ" አለ። "የውዴ ልጅ ነኝ።"

ካሣነሽ "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ። አንዱ ሽማግሌ የያዘውን ብርጭቆ በነጠላው ሸፈነ። እሱባለው ማንንም አላየም፤ ብሩክታዊትን ብቻ አያት። ያ እይታ አንድ ቃል ነበር የሚለምናት። ንገሪያቸው፣ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ለምን እንደሚሞቱ ንገሪያቸው። እሷ ግን አገሩ ላይ ተድራለታለች የተባለችውን ሴት እያሰበች አንገቷን ደፋች።

"ውጣ ከቤቴ" አሉ አቶ ወርቁ።

ወጣ። በሩ ሲዘጋ ብሩክታዊት የራሷን ልብ የሰበረችው እሷው ራሷ መሰላት።

* * *

ዓሦቹ ሰኞ ዕለት ወደ ላይ ወጥተው አየር መጎንጨት ጀመሩ። ማክሰኞ ክንፋቸውን ሰብስበው ጥግ ጥግ ያዙ። ከዚያ በጎናቸው እየተንሳፈፉ መሞት ሆነ። ብሩክታዊት ውኃውን በባልዲ እየቀዳች ለወጠች፣ እንደገና ለወጠች፤ ግን በዚያ ላይ መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ቆመ። ሳምንቱ ሳያልቅ አንድም ዓሣ አልተረፈ።

ወሬው እንዴት እንደበረረ! "ገብቶ አያቸው፣ ይሞታሉ አለ፣ ሞቱ።" ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እሱባለው መስኮት የገጠመላቸው ሰዎች ቤታችንን አይቶታል ብለው ዕጣን አጨሱ። አገኘሁ፣ ያ ደግ አለቃው እንኳ፣ "እስቲ ነገሩ እስኪበርድ ሱቅ አትምጣ" አለው። ካሣነሽ ገንዳው ውስጥ ጠበል ይጨመርልኝ ብለው የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። ቄሱ ገንዳውን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ "እኔ የተሾምሁት ለሰው ነፍስ ነው እንጂ ለዓሣ አይደለም" ብለው መስቀላቸውን አሳልመው ሄዱ። ካሣነሽ ተቀየሟቸው።

ሐሙስ ማታ የስማዳ ኔትወርክ ተለቀቀ፤ እሱባለው ስልኩን ወገዳ ትቶት ነበር የመጣው። የብሩክታዊት ስልክ ተንጫጫ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ታግዶ የከረመ መልእክት በአንድ ጊዜ ወረደ። "ብሩኬ፣ ደርሻለሁ። እናቴ ታማ አገኘኋት።" "መንገድ ተዘጋ፣ አትጨነቂ።" "አጎቴ እምቢ አለኝ። ከጨዋ ቤት ሄጄ አልዋረድም አለ። ብቻዬን እመጣለሁ፣ ብቻዬን እጠይቃለሁ።" "እናቴ ከተሻላት በእግሬም ቢሆን እነሳለሁ።" የመጨረሻው "ዓሦቹን እንዳትጨምሪ፤ አንድ ላይ ነው" የሚል ነበር።

ሚስት የለም፤ ሠርግም አልነበረ። ታማ የተኛች እናት አጠገብ ቁጭ ብሎ የማይላክ መልእክት ሲጽፍ ነበር የከረመው። ብሩክታዊት ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የገደለችው ዓሣውን ብቻ አለመሆኑ ገባት። ነገ በሰው ፊት እናገራለሁ ብላ ማለች፤ ይህን ሳላደርግ እህል አልቀምስም አለች።

* * *

በማግሥቱ አቶ ወርቁ አገኘሁንና እሱባለውን አስጠሩ። "ገንዳህን ከቤቴ አንሳ" ሊሉት ነው። ካሣነሽ አሉ፤ ከደብረ ታቦር ለሽምግልናው የመጣችው የብሩክታዊት ታላቅ እህት መዓዛም ሕፃን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። እሱባለው በሩ አጠገብ ቆመ። በዚያች ሳምንት የከሳው ክሳት ያሳዝናል።

"ማንም ምንም አያነሳም!" አለች ብሩክታዊት። ድምፅዋ ለራሷም አዲስ ሆነባት። "አባዬ፣ ዓሦቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።"

"አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ..." አሉ ካሣነሽ።

"አላርፍም እማ! ስሙኝ። ዓሣ ውኃ ውስጥ ይጸዳዳል። አዲስ ውኃ ያን መርዝ የሚያጠፋለት ነገር ገና አልፈጠረም፤ ዓሣው በገዛ እዳሪው ይታፈናል። ለዚህ ነው ለጰራቅሊጦስ ያልኩት። አባዬ፣ ነግሬዎት ነበር፣ ያስታውሳሉ? እንደ ጥንስስ ነው ብዬዎታለሁ። ይህን ለእሱ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። 'ይሞታሉ' ያለው ከእኔ የሰማውን ነው። ዓይኑ ምንም አላደረገም። እጄ ነው ያደረገው።"

"ታውቂ ነበር?" አሉ አቶ ወርቁ።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ስነግርሽ ለምን ጨመርሻቸው?"

"ተናድጄ ነው። እሱ የተወኝ መስሎኝ።" እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። "እወደዋለሁ አባዬ። እሑድ ዕለት እዚህ ቆሞ ሲለምነኝ ዝም አልኩ። ከእናንተ ሁሉ ይልቅ የበደልኩት እኔ ነኝ።"

ካሣነሽ "ኡኡ! ምን ጉድ ነው የሰማሁት!" ብለው ደረታቸውን ደቁ። አቶ ወርቁ ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። ነጋዴ ናቸው፤ እውነትና ውሸት ሲመዝኑ ነው የኖሩት። ልጃቸውን አዩ፣ ልጁን አዩ። አሳዘናቸውም አሳፈራቸውም። ማንም ያልጠበቀውን ተናገሩ።

"ና ግባ ልጄ። ቆመህ አይሆንም፣ ተቀመጥ።"

ወገኖቼ፣ በዚያ አገር አንድ ባለ ጸጋ ለሸክላ ሠሪ ልጅ "ተቀመጥ" ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። አገኘሁ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሱባለው መጥቶ ባዶ ወንበር ላይ፣ ከመዓዛ አጠገብ ተቀመጠ። ብሩክታዊትም ከእህቷ በወዲያኛው ጎን ቆማለች። ልቧ ከደስታ ብዛት ሊፈነዳ ደርሷል። ሆነ! ሆነልን! አለች በሆዷ።

እሱባለው የሰው ሕፃን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። ገና በልጅነቱ፣ ገበያ ሲወርዱ፣ እናቱ "ሕፃን ስታይ መሬት እይ፣ ጥፋተኛ ያደርጉሃል" እያለች ነው ያሳደገችው። ያን ዕለት ግን የመዓዛ ልጅ ወደ እሱ ዞሮ ድዱን አሳይቶ ሳቀለት፤ ትንሽ እጁን ዘረጋለት። ቤቱ ተቀብሎታል፣ ሴቲቱ በአደባባይ ወዳዋለች፣ ማቀርቀሩን ረሳው። ጎንበስ አለና ሕፃኑን ትክ ብሎ አየው።

"እንዴት ያምራል!" አለ።

ወዲያው ነጠላ ሕፃኑ ፊት ላይ ወደቀ።

የመዓዛ እጅ አልነበረም። መዓዛ በሁለት እጇ ልጁን ታቅፋለች። ካሣነሽም ከማዶ ናቸው። የብሩክታዊት እጅ ነበር። ማንም አላዘዛት፤ ራሷም አላሰበችው። የትከሻዋን ነጠላ ስባ፣ የእህቷን ልጅ ፊት እስከ አገጩ ሸፍና፣ በመዳፏ ደግፋ ይዛዋለች። ልጅ ሳለች እናቷ በታናናሾቿ ላይ ሲያደርጉ ያየችውን ነው ያደረገችው። ምን እንዳደረገች የገባት የእሱባለውን ፊት ስታይ ነው።

ካሣነሽ በረጅሙ ተነፈሱ። "እሰይ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው።

ያ እሰይታ ከስድብ ሁሉ የከፋ ሆነባት። "እሱባለው፣ እኔ... ሳላስበው ነው። በማርያም ይዤሃለሁ፣ አላሰብኩትም!"

"አውቃለሁ" አለ። ተነሳ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻላት ነበር። "ያሰብሽውን ሁሉ ተናገርሽልኝ። እንደዚያ ደፍሮ የተናገረልኝ ሰው በዕድሜዬ የለም፤ እግዜር ይስጥልኝ። የማታስቢውን ምን እናደርገዋለን?"

"ይለቀኛል! እተወዋለሁ! እኔ እኮ የተማርኩ ሰው ነኝ..."

"ብሩኬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔና አንቺ ልጅ ብንወልድ፣ የገዛ ልጄን ፊት ከእኔ ትሸፍኚው ነበር?"

አልሸፍነውም ልትል ፈለገች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ከአፍታ በፊት ማንም ቢጠይቃት ይህንንም አላደርግም ብላ በመስቀል ትምል ነበር። ይህን አሰበችና ቃሉ አንድ ትንፋሽ ዘገየ። እሱባለው ጠበቃት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ" አለ ለአቶ ወርቁ ዝቅ ብሎ። "ገንዳው ይቀመጥ። የልጅዎ ሥራ ነው።"

ወደ በሩ ሲሄድ አቶ ወርቁም፣ አገኘሁም በዓይናቸው ሸኙት። ብሩክታዊት ልትከተለው አንድ እርምጃ ተራምዳ እዚያው ቀረች። በመስኮቱ፣ እሱ ራሱ በገጠመው መስታወት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ መናኸሪያው ሲያዘግም ይታያል። በሚያልፍበት ሁሉ ሰዎች ከመንገዱ ገለል ይሉለት ነበር።

መዓዛ ነጠላውን ከልጇ ፊት ገፈፈችው። ሕፃኑ ጨዋታ መስሎት ኖሮ እየተፍለቀለቀ ነበር፤ አሁንም ሸፍኚኝ እያለ እጁን ወደ አክስቱ ይዘረጋል። ብሩክታዊት ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ጮኻ አለቀሰች።